ቀይ ሲሊኮን

ንጋቱ በመተማ ተሻግሮ ካርቱም ከገባ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። አገሩ ሳለ የጦር ሠራዊት ካሚዮን ይጠግን ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ይዞት የወጣው ሀብት ሙያው ብቻ ነው። ሙያው ግን አላሳፈረውም። በኢንዱስትሪ ሰፈር ባለች አንዲት ጋራዥ፣ የአገሬው ሰው ወርሻ በሚላት፣ የናፍታ መኪና ያስቸገረው ሁሉ «ሐበሺው የታለ?» እያለ ይመጣል። እሱም ኮፋኖ ከመክፈቱ በፊት ሞተሩን ያስነሣና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ብዙ ጊዜ አይስትም።

የሱዳን ሕዝብ ተነሥቶ መንግሥቱን ባወረደበት በዚያ የአብዮት ዓመት፣ ክረምቱ ገብቶ ንጋቱ የሚኖርበት የካላክላ ሰፈር መንገድ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ሐጅ ኢሳ የሚባሉ የጀብራ ሰፈር ሰው ነጭ ቦክሲያቸውን በገመድ አስጎትተው መጡ። ካርቱም ውስጥ ቦክሲ የሚሉት ፒክአፑን ነው። ሐጅ ኢሳ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ከንጋቱ ጋር ብዙ ዓመት ተዋውቀዋል፤ ያቺን መኪና ከእሱ ሌላ መካኒክ ነክቷት አያውቅም። ያን ቀን ግን እንደ ወትሯቸው ስለ ቤተሰቡ አልጠየቁም። መኪናዋ ሁለት ወር ሙሉ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ እንደ ቆየች ነገሩትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሆነውን አወሩለት።

ልጃቸው ፋጤ የፋርማሲ ተማሪ ናት። ሕዝቡ ሥልጣን ለሲቪል ይሰጥ ብሎ በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ደጃፍ በተቀመጠ ጊዜ፣ እሷም ቁስለኛ ከሚታከምበት ድንኳን አልተለየችም። ኢድ ሊገባ ሲል፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ተኩስ ተከፍቶ ሕዝቡ ሲበተን፣ ፋጤ ሦስት ቁስለኞች በአባቷ ቦክሲ ጭና ወደ ሆስፒታል ገሰገሰች። ግማሽ መንገድ እንደ ሄደች ሞተሩ እንደ አምቡላንስ ጮኸ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ጉልበት ከዳው። ነዳጁን እስከ ወለሉ ብትረግጠው መኪናዋ ከእግረኛ አልፈጥን አለች። ከሦስቱ አንዱ፣ ሙዓዝ የሚባል የጀሪፍ ሰፈር ልጅ፣ ከሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ ደሙ አለቀ።

«ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ ጨብጣ አታውቅም» አሉ ሐጅ ኢሳ። «ሁልጊዜ ቀስ ብለሽ ንጂ እያልኩ እቆጣት ነበር። አሁን ያንኑ ቃሌን ይዛ፣ ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ ትላለች። ያ ኡስታ፣ ባለሙያው አንተ ነህ፣ እየውና እውነቱን ንገረኝ። ከአነዳዷ ነው?»

ንጋቱ ኢንሻላህ እናየዋለን አላቸውና ወደ ቤታቸው ሸኛቸው።

ሞተሩን አስነሣ። ነዳጅ ሳይሰጡት ደህና ነው፤ ትንሽ ሲረግጡት ግን ብረት ብረትን እንደሚስል ያለ ፉጨት ወጣ፣ ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው፣ ሰማያዊ ጭስ ተንቦለቦለ። ጥቁር ጭስ የናፍታ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው ዘይት ነው። ወዲያው አጠፋው። ቱርቦው እንደ ሆነ ገብቶታል። ቱርቦ ከሞተሩ ጎን የምትቀመጥ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለች ብረት ናት። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በአንድ በኩል ያለውን መዘውር ያሽከረክራል፤ ያም በዘንግ የተያያዘውን ሌላ መዘውር ይዞ ይዞርና አየር እየጨመቀ ሞተሩን ያጎርሰዋል። ጉልበቱ ከዚያ ነው። ዘንጉን በዚያ ሁሉ ፍጥነት ሳይቃጠል የሚያኖረው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው፤ ዘይቱ የቀረ ዕለት ብረቱ ራሱን ይበላል።

ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ጎማ ፈታና ጣቱን ሰዶ የዘንጉን ጫፍ ነካው። እንደ ላላ ጥርስ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። የመዘውሩ ክንፎች ግድግዳውን እየፋቁ ጫፋቸው ተበልቷል። ለሌላ መካኒክ ይኸው ይበቃ ነበር፤ ቱርቦው ሞቷል፣ ሌላ አምጡ ነው። ንጋቱ ግን አሮጌው በምን እንደ ሞተ ሳያውቁ አዲስ መግጠም አዲሱንም መግደል እንደ ሆነ ያውቃል። ለቱርቦው ዘይት የምታደርሰውን ቀጭን ቱቦ ፈትቶ በአፉ ነፋባት። ትንፋሹ አላለፈም። ቀጭን ሽቦ ሰዶ ሳበው። በሽቦው ጫፍ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር ወጣች፤ በጣቱ ሲጎትታት እንደ ጎማ ተለጠጠች።

ሲሊኮን ነበረች፣ የሚያፈስ መጋጠሚያ የሚደፈንባት ሙጫ።

ንጋቱ በአሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ያቺን ሲሊኮን ያውቃታል። ከዚያ ክፉ ንጋት አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሐጅ ኢሳ ከዚያችው ቱቦ መጋጠሚያ ዘይት ይንጠባጠባል ብለው መኪናዋን አምጥተው ነበር። በመጋጠሚያው የምትገባው የመዳብ ቀለበት፣ ሮንዴላዋ፣ አርጅታ ነበር፤ የምትቀየር ነገር ናት። ግን አገር አቀፉ የሥራ ማቆም አድማ ሱቁን ሁሉ ዘግቶት ነበርና ሮንዴላ አልተገኘም። ሐጅ ቸኩለዋል፣ ሙቀቱ ናላ ያዞራል። ለጊዜው ነው፣ ከኢድ በኋላ እቀይረዋለሁ ብሎ ቀይ ሲሊኮን ቀባና አጠበቀው። ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሚደርቅ፣ ተቆርጦም የዘይቱን መንገድ እንደሚዘጋ የማያውቅ ሰው ቢሆን ደግ ነበር። እሱ ግን ስንቱን ሠራተኛ እዚህ ቦታ ሲሊኮን ነውር ነው እያለ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው።

በቀለ የሚባል የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን፣ እሱም ያገሩ ልጅ፣ የንጋቱ ፊት መጥቆሩን አይቶ ቀረበው። ንጋቱ አልደበቀውም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው።

በቀለ ግራና ቀኝ አየና፣ «ጋሽ ንጋቱ፣ ይቺን ጣላትና ቱርቦው አርጅቶ ነው በላቸው» አለ። «ውሸትም አይደል፣ መኪናዋ አሮጊት ናት። ሰው የሞተበት ነገር ነው እኮ። እኛ ደግሞ እዚህ አገር በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ የምንኖር ሰዎች ነን። ነገ ፖሊስ ጣቢያ ቢጎትቱህ ማን አለልህ? ለልጅቱም ቢሆን፣ አርጅቶ ነው ብትላት ይቀላታል።»

ይህ የመጨረሻው ነገር ንጋቱን ሳበው። ቀይዋን ነገር በወረቀት ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ከተታትና ወደ ካላክላ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሄደ። አርጅቶ ነው ቢላት፣ ልጅቱ ተማሪ ናት፣ በቀስታ ብነዳው ያ አሮጌ ይችል ነበር ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርም። እሱም ምናልባት ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ያቺ ምናልባት ደግሞ ዕድሜ ልኳን እንደ እሾህ ትወጋታለች። ሸክሙን ከእሷ ላይ ማውረድ የሚቻለው የማን እንደ ሆነ ሲታወቅ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ካላክላ ሲደርስ ሐሳቡን ቆርጦ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጋራዡ ሳይሆን ወደ ጀብራ ሄደ። ሐጅ ኢሳ በረንዳ ላይ አስቀመጡት። ፋጤንም እንዲጠሩለት ለመነ። መጣች፤ ቀጭን፣ ዓይኗ የጎደጎደ ልጅ ሆናለች፤ እሱ የሚያውቃት ሳቂታዋ ፋጤ አይደለችም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ፈታውና ምን እንደ ሆነች፣ የት እንዳገኛት፣ ማን እዚያ እንደ ከተታት ነገራቸው። ምክንያት አላበዛም። አድማውንም ሙቀቱንም አላነሣም።

ፋጤ ቀይዋን ነገር አንሥታ አየቻት። «ቀስ ብዬ ብነዳስ?»

«ያው ነበር። ዘይት ካልደረሰው ቀስ ብለሽም ብትነጂ ይሞታል። ምናልባት ገበያ ስትሄጂ፣ ምናልባት እዚሁ በራችሁ ላይ። ጥፋቱ ከእግርሽ አይደለም ልጄ፣ ከእጄ ነው።»

«መኪናዋ ባትደክም ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ንጋቱ አንገቱን ደፋ። «እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው ሞተሩን ብቻ ነው።»

ፋጤ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ሐጅ ኢሳ መቁጠሪያቸውን አነሡና፣ ሳይቆጡ፣ ለዛሬ ሂድ አሉት።

ሄደ። ያን ቀንም በማግሥቱም የጋራዡ በር በተከፈተ ቁጥር ፖሊስ መጣ ይል ነበር። ባይመጣም ሐጅ መኪናቸውን ወደ ሌላ ጋራዥ እንደሚያስጎትቱ አልተጠራጠረም። በሦስተኛው ቀን የመጣችው ግን ፋጤ ናት። ብቻዋን በርክሻ መጣች፤ በዚያች ባለ ሦስት እግር ላይ ጉልበቷ ላይ ካርቶን ታቅፋ። አጎቷ ከፖርት ሱዳን በአውቶቡስ የላከላቸው ቱርቦ ነበር።

«አንተው ግጠመው» አለችው። «እኔ ቆሜ አያለሁ።»

ቆማ አየች። ንጋቱም በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ የሠራበት ቀን የለም። መጀመሪያ የመጣውን ቱርቦ ዘንግ በጣቱ ፈትሾ፣ ንክች እንደማይልና እንደ ልብ እንደሚዞር አሳያት። የዘይቱን ቱቦ በናፍታ አጥቦ፣ በአየር ነፍቶ፣ ወደ ፀሐይ አቅንቶ በቀዳዳው እንድታይ ሰጣት። የመመለሻውን ቱቦም እንዲሁ። የቆየውን ዘይት እስከ ጠብታው አወረደ፤ ፊልትሮውን ቀየረ፤ በአየር መንገዱ የተኛውን ዘይት በጨርቅ ጠርጎ አወጣ። ለመጋጠሚያዎቹ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ የመዳብ ሮንዴላዎች። ሮንዴላዎቹን አንድ በአንድ መዳፏ ላይ አኑሮ መልሶ ሲያነሣ ፋጤ አልከለከለችውም። ቱርቦውን ካሰረ በኋላ በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ጠብ እያደረገ መዘውሩን በእጁ አዞረው። ቱቦውን ገጠመ። ከዚያም ነዳጁን ዘግቶ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ጥቂት ጊዜ እንዲዞር አደረገ፤ ዘይቱ ቀድሞ ይድረሰው ብሎ ነው። በመጨረሻ አስነሣውና ሳይረግጠው ተወው። ሁለቱም ኮፋኖው አጠገብ ቆመው አዳመጡ። ፉጨት የለም። ጭስም የለም።

እጁን ሲጠርግ ፋጤ፣ «ጀሪፍ እሄዳለሁ» አለችው። «የሙዓዝ እናት ጋ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልደረስኩም። ምን ብዬ እሄድ ነበር? አንተም ትመጣለህ። ለእኔ የነገርከኝን ለእሷ ትነግራታለህ።»

በቀለ ከወዲያ ማዶ ሰምቶ ራሱን በአሉታ ነቀነቀበት። ንጋቱ እጁን በሳሙና ታጥቦ ሸሚዝ ለወጠ።

ፋጤ አልነዳም ስላለች እሱ ነዳ። የጀሪፍ ቤት የጭቃ አጥር ያለው፣ ወደ ወንዙ የቀረበ ነበር፤ ዓባይ ሞልቶ ሰዉ በጆንያ አፈር እየገደበ ነው። የሙዓዝ እናት እንደ ነጠላ የሚከናነቡትን ነጭ ቶብ ለብሰው ግቢያቸው ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፋጤና ንጋቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ለሟች የሚባለውን ፋትሐ አደረሱ። ንጋቱ ክርስቲያን ቢሆንም ሃያ ስምንት ዓመት ጎረቤቶቹን እንዲሁ ሲያስተዛዝን ኖሯል። ፋጤ ማን እንደ ሆነች ተናገረች። ከዚያ እሱ ተናገረ። እናትየው ሳያቋርጡ ሰሙና መኪናዋን አሳዩኝ አሉ።

ወጡ። እናትየው እጃቸውን በጭነቱ ወለል ላይ አኖሩ። «እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው እናቴ። ራሱን ወደዚህ አድርጎ» አለች ፋጤ።

«የተናገረው ነገር ነበር?»

«የኋላው መስኮት ክፍት ነበር። ደረስን? እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ደረስን እለው ነበር።»

እናትየው ብረቱ ላይ ተደግፈው አለቀሱ፤ ፋጤም አቅፋቸው አለቀሰች። ንጋቱ ራቅ ብሎ ቆመ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናትየው ዓይናቸውን በቶባቸው ጫፍ ጠርገው ወደ እሱ ዞሩ።

«የተኮሰበት ሰው አልመጣም» አሉት። «ይመጣል ብዬም አልጠብቅም። አንተ መጣህ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ ንጋቱም አልጠየቀም። ሻይ ሳይጠጡ ግን አልሸኟቸውም።

ሲመለሱ ፋጤ ቁልፉን እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች። በጭቃው መንገድ ቀስ ብላ ነዳች፤ አስፋልቱን ስታገኝ ፍጥነት ጨመረች። እስከ ካላክላ መገንጠያ ድረስ አደረሰችው። እዚያ ሲወርድ፣ ዘይቱን በሺህ ኪሎ ሜትር እንድታስቀይር፣ ሞተሩንም ከማጥፋቷ በፊት ትንሽ እንድታሳርፈው ነገራት። እሺ አለችው። ደህና ዋል እንኳ አላለችውም፤ ግን በሺህ ኪሎ ሜትሩ ራሷ እየነዳች ዘይቱን ልታስቀይር ጋራዡ መጣች።