ከመሬት ጀምሮ መቁጠር

...እና ደግሞ ሳቁ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ጠዋት በኮምፒውተሩ መስኮት ብቅ ብሎ፣ ከኋላው ነጭ ግድግዳ፣ ስድስት አዲስ ጠረጴዛ፣ እታለም አየሽልኝ ቢሯችንን ይለኛል። አየሁ፣ እንዴት አላይ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ትልቅ ከተማ፣ በዋናው ቢሮ መጸዳጃ ቤት አጠገብ ተጎልቼ የሰው ሕንፃ ስስል፣ እሱ እናታችን ቤት ቁርሱን በልቶ በእግሩ ሥራ ይገባል፣ ኃላፊ ተብሎ። ኃላፊ። ንፍጡን የጠረግኩለት ታናሼ።

እውቀት አድራሻ የለውም አሉ ሥራ አስኪያጁ በስብሰባው፣ ኢንተርኔት ካለ ንድፍ የትም ይሠራል፣ ወጣቱ ባገሩ ይሥራ፣ እዚያው ቅርንጫፍ እንከፍታለን፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። እኔ ቤቴን ጥዬ ስመጣ ግን እውቀት አድራሻ ነበረው፣ ለዚያውም ሁለት አውቶብስ ተቀይሮ። ለቅርንጫፉ ኃላፊነት እኔም አመልክቼ ነበር፣ ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም፣ አንቺ እዚህ ታስፈልጊናለሽ አሉኝ፣ አራሚ ሁኚ። የማርመው የማንን መሰላችሁ።

ይኸው የቅርንጫፉ የመጀመሪያ ሥራ ፊቴ ተዘርግቷል፣ ባለ አንድ ፎቅ ጤና ጣቢያ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለደንበኛው ይቀርባል፣ ካማረ ቅርንጫፉ ይቀጥላል፣ ካላማረ ሥራው ወደኛ ይመለሳል፣ ስድስቱም ሰው ወደ ቤቱ። አሁን ስምንት ተኩል ነው። ግድግዳው ልክ፣ መስኮቱ ልክ፣ ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጠው ይሄን ልጅ፣ ቆይ፣ ደረጃው። እቆጥራለሁ። ደግሜ እቆጥራለሁ። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት መሆን ነበረበት፣ አንዱ ስለጎደለ የመጨረሻው የሁለት ደረጃ ቁመት ብቻውን ተሸክሟል፣ እርጉዝ ሴት በምን አቅሟ ትወጣዋለች።

ደስ ይለኛል። ምን እዋሻለሁ፣ በሆዴ ጮቤ እረግጣለሁ። ዝም ማለት ብቻ ነው፣ አራሚም ሰው ነው፣ አለፈኝ እላለሁ፣ ደንበኛው መሐንዲስ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ባንድ እይታ ያገኘዋል፣ ያ ሳቅም ያኔ ይቆማል። ታርሟል የሚለው ቁልፍ ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ። ግን እንዴት፣ ይሄ ልጅ መቁጠር ያቅተዋል እንዴ፣ ከስዕሉ ጠርዝ ላይ በትንንሹ ጽፎታል፣ መሬት አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ እስከ አሥራ ስምንት።

መሬት አንድ።

የትምህርት ቤቱ ደረጃ፣ እሱ አምስት ዓመቱ፣ እጁ በእጄ፣ ከመሬት ጀምረህ ቁጠር፣ የቆምክበትም ይቆጠራል፣ ማን አለው፣ እኔ። እኔም እዚህ በገባሁ በዓመቴ ያንኑ ስሳሳት አንድ አዛውንት ንድፍ ሠሪ በሰው ፊት ማን ነው መቁጠር ያስተማረሽ ብለው ሳቁብኝ፣ ራሴን አረምኩ፣ ለሱ ግን ትንፍሽ አላልኩም፣ ቤት በሄድኩ ቁጥር እታለም አትሳሳትም ሲል ደስ ይለኝ ነበርና። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች፣ አይደል።

እደውላለሁ። አቤት እታለም፣ ድምፁ ቀጥኗል፣ ለካ ሲስቅ የዋለው ፈርቶ ነው። ደረጃው አንድ ጎድሎታል እለዋለሁ። ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

ከመሬት ነው የቆጠርኩት፣ አንቺ እንዳሳየሽኝ።

አውቃለሁ፣ የኔ ስህተት ነው፣ ያኔም የኔ ነበር። ቅናቱ ግን የትም አልሄደም፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ያየኛል፣ ይየኝ፣ ገና ሃያ ደቂቃ አለን፣ እንደገና እንቁጠር እለዋለሁ፣ መሬት አይቆጠርም፣ አንድ፣ እሱም አንድ ይላል፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሁንስ አምስት ደርሷል፣ ከልጅነቱም እንዲህ ነው፣ ይቀድመኛል፣ ቀስ በል እለዋለሁ፣ ጠብቀኝ