የደብሬ መፈልፈያና የቡሬ እንቁላሎች

ላሟ የእኔ፣ ሐዘኑ የእኔ፤ ወንበር ግን የተሰጠኝ ከላቦራቶሪው በር ሥር ነው። ዕድሜ ልኬን ከብት ሳረባ የኖርኩትን ሴት፣ የከብት ሐኪሙ ዶክተር አለምነህ «እማማ፣ እዚያ አረፍ ይበሉ፤ ምንም አይንኩ» ብሎ እንደ ጆንያ አስቀመጠኝ።

ላሜ ቡሬ ዛሬ ጠዋት በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል ከሩዝ ማሳ ጭቃ ገብታ እግሯ ተሰበረ። ታረደች። ጥጃ አልተወችልኝም። ግጦሹ ሁሉ ሩዝ ሆኖ፣ በመንደራችን የቀረች ጥሩ የፎገራ ዘር እሷ ብቻ ነበረች። ዶክተሩ ከወረታ በመኪና በርሮ መጣና ከሆዷ አንዳች ነገር አወጣ።

«እንቁላሎቿ ናቸው፤ እስከ ማታ ይቆያሉ። የኮርማ ዘር ካስገባንባቸው በሌላ ላም ማሕፀን እናሳድጋቸዋለን» አለኝ።

«ላም እንቁላል ካላት ዶሮም ትታለባለች!» አልኩት። ግን ተከትዬው ወረታ፣ ላቦራቶሪው ድረስ ሄድኩ።

የሚሠራው እሱ አይደለም፤ ሮቦት የሚሉት የብረት እጅ ነው። ከፀጉር የቀጠነች መርፌ ይዞ የኮርማውን ዘር ሊያስገባ እንቁላሉን በማጉያ መነጽር ሥር ይወጋል። አጠገቡ ባለው ቴሌቪዥን አየሁት። እንቁላሉ እንደ ጤዛ ክብ ነው። መርፌው ደረሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቀደደው። ሁለተኛውንም። ከስድስቱ አምስቱ እንዲሁ አለቁ።

«የሮቦቱ ፕሮግራም ነው ያበላሸው» ይላል አለምነህ ላቡን እየጠረገ።

እኔ የያዝኩትን የውኃ ጣሳ መሬት ላይ አኑሬ አየሁት። ውኃው ይርገፈገፋል።

«ልጄ፣ የሚያንቀጠቅጠው የጎረቤታችሁ የደብሬ ሩዝ መፈልፈያ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሲዞር መሬቱ ይርዳል። ዋልካ ላይ፣ በሚዋልል ጥቁር አፈር ላይ ነው ቤት የሠራችሁት።»

«እማማ፣ ጠረጴዛው ንዝረት አያስገባም። ከውጭ አገር ነው የመጣው።»

«ጠረጴዛው ከውጭ ይምጣ፤ መሬቱ የፎገራ ነው!»

ጥዬው ወጥቼ መፈልፈያው ቤት ገባሁ።

«ደብሬ፣ አጥፊው!»

«እትዬ አማከለች፣ ይህን ሁሉ ወረፋ አያዩም? የአንድ ለአምስት መሪያችን እንኳ ተራ ይዛ ቆማለች!»

ሩዙ በሚፈስበት በመፈልፈያው አፍ ላይ ተደፋሁ። «እንግዲያስ መጀመሪያ እኔን ፈልፍዪኝ!»

ሰው ሳቀ። ደብሬ አጠፋችው። «ወረፋው እኔን መስደብ እስኪጀምር ብቻ ነው!» አለችኝ።

ስመለስ የጣሳው ውኃ ረግቷል። አለምነህ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

«አንዷ ብቻ ናት የቀረችው። ብትቀደድስ? ሮቦቱን የሠሩትን ደውዬ ልጠይቅ።»

ከግድግዳው ወዲያ ሰዉ መጮህ ጀምሯል።

«ስለ እኔ ላም ማንን ነው የምትጠይቀው? ብትቀደድ የማለቅሰው እኔ ነኝ። ደብሬ ሳታስነሳው እጅህን ከኪስህ አውጣና ያን ብረት እዘዘው! አሁን!»