የአዲ ሳር

አከራዬ እትዬ ባየሽ ቁርጡን የነገሩኝ መስከረም ሊጋመስ ሲል ነው። «የጥቅምት ሚካኤል ማኅበር በኔ ተራ ነው። እስከዚያ ድረስም ሆነ በዕለቱ ይሄ ውሻ ሳሎኔን ዳግመኛ ካረጠበ፣ ወይ እሱ ይወጣል ወይ ሁለታችሁ!» አሉ፣ መወልወያውን እያስጨበጡኝ።

እውነታቸውን ነው። የተከራየሁት ክፍል በሩ የሚከፈተው እሳቸው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ወደ ግቢ ለመውጣት ሳሎኑን ማቋረጥ ግድ ነው፣ ለኔም ለአዲም። አዲ ያኔ የሁለት ወር ቡችላ ነበር። ነጭ፣ ጸጉራም፣ ቢያድግም ከድመት አይበልጥም የተባለለት የፈረንጅ ዝርያ። ባሌ ገመቺስ ሥራው ከአምቦ ወደ ሸነን ሲዛወር «ብቻሽን እንዳትሆኚ» ብሎ አምጥቶልኝ ሄደ። ተናደድኩ። በባል ፈንታ ቡችላ ይሰጣል እንዴ? በሦስተኛው ቀን ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ሥር ቆሞ፣ ጭራው ብቻ ሳይሆን ወገቡ ጭምር ሲወዛወዝልኝ ሳይ አለቀስኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ እኔን የሚጠብቅ ሌላ ነገር አልነበረም። እሱን ማጣት አልችልም።

የእንስሳት ሐኪሙ ኦቦ ጂራ ጋ ወሰድኩት። ሆዱን ዳበስ ዳበስ አድርገው ሳቁ።

«ፊኛው የአውራ ጣትሽን አያህልም፣ ምን ይቋጥርልሽ! ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ፣ ያኔውኑ አውጪው። ቦታው አንድ ይሁን፤ ሳር ላይ። ሲሸና እዚያው ‹ጎበዝ› በይውና ቁራሽ ነገር ስጪው። እንዳትመቺው ብቻ! ከመታሽው መሽናቱን አይተውም፤ አንቺ ፊት መሽናቱን ነው የሚተው።»

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር ረሳሁ። የትምህርት ቤት እረፍት ሃያ ደቂቃ ነው፤ ቤቴ በፈጣን እርምጃ ስምንት። ስምንት ለመሄድ፣ ስምንት ለመመለስ፣ አራት ለአዲ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ባቡር ሊያመልጥሽ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ሰሌዳው ላይ እኩልታ እየጻፍኩ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነው። ቤት ስሆን ደግሞ ሻይ አፈላና ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል፤ አዲ ወለሉን ባሸተተ ቁጥር አፈፍ አድርጌ፣ ሳሎኑን በሩጫ አቋርጬ፣ ግቢው ውስጥ የውሃ ሮቶው ሥር ያለው ሳር ላይ አስቀምጠዋለሁ። «ሳር! አዲ፣ ሳር!» ጎረቤት ያበድኩ ሳይመስለው አይቀርም። እትዬ ባየሽ በመስኮት ያዩኛል። እይታቸው ከቁጣቸው ይብስብኝ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ አዲ ራሱ በሩን መቧጨር ጀመረ። እከፍትለታለሁ፣ ሮጦ ሳሩ ላይ ይሸናል፣ ከዚያ ቀና ብሎ «ጎበዝ»ን ይጠብቃል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

የሚካኤል ዕለት ከሰዓት ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። አዲን በየግማሽ ሰዓቱ አወጣሁት፤ ማኅበርተኞቹ መግባት ሲጀምሩ አስተኛሁት። እትዬ ባየሽ ከሁሉቃ ወንዝ ዳር ያስመጡትን ለምለም ሳር ሳሎኑ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አስነጥፈዋል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ያንን ሳርና ይህንን ሳር ግን አልደመርኳቸውም።

ካህኑ ዳቦውን ሊባርኩ ሲነሱ ሁሉም ተነሳ። እኔ ጥግ ቆሜ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዣለሁ። የክፍሌ በር ገርበብ ብሎ ኖሮ አዲ ከእንቅልፉ ነቅቶ ብቅ አለ። እንደለመደው ወደ ግቢው በር ሮጠ፤ መሃል ሲደርስ ቆመ። እግሩ ሥር ያለውን አሸተተ። ከዚያ ካህኑ ፊት፣ ዳቦው ፊት፣ ተዝናንቶ ሸና። ሲጨርስ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

ጸሎቱ ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ክፍሌ፣ ዕቃዬ፣ አዲ ከነጭራው፣ ሁሉም ባንዴ መንገድ ላይ ወድቆ ታየኝ። እኔ ካልቀጣሁት እሳቸው ያባርሩታል ብዬ ሮጬ ሄድኩና መታሁት። በጥፊ፣ ያቺን ትንሽ ጭንቅላቱን። አልጮኸም። ሳሩ ላይ ተለጥፎ አፈጠጠብኝ።

«ማሎ! እባክሽ ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ እትዬ ባየሽ። ጎንበስ ብለው አዲን አነሱት፤ ውሻ ሲያቅፉ አይቻቸው አላውቅም። «ሳር ላይ አይደል እንዴ የሸናው? ወር ሙሉ ‹ሳር፣ ሳር› ስትይው ሰምቻለሁ። ያስተማርሽው አንቺ፣ ያስነጠፍኩት እኔ፤ እሱ ምን አጠፋ?»

ካህኑ በጺማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። እርጥቡ ሳር ተጠርጎ ወጣ፣ ሌላ ተነሰነሰ፣ ዳቦው ተባረከ። ማንም ውጡ አላለንም።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ሮቶው ሥር ቁራሽ ዳቦ ይዤ ቆሜ እለምነዋለሁ፤ አዲ ጆሮውን ጥሎ እግሬን እግሬን ያያል እንጂ አይሸናም። በኋላ ሽንቱን አልጋዬ ሥር አገኘዋለሁ። አሁን የሚያወጡት እትዬ ባየሽ ናቸው። ከበሩ እንደወጡ ሮጦ ሳሩ ላይ ይሸናል፣ ቀና ብሎም ያያቸዋል።

«ጎበዝ!» ይሉታል።

እኔ በመስኮት አያለሁ።