ሞዴሉ ችግኝ ጣቢያ

ባልዬው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ችግኝ ጣቢያው ሰላም ነበር። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆጣጠር የኖረ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ «ተቆጣጣሪው» እያለ ነው የሚጠራው። ጡረታ በወጣ ማግስት የሚቆጣጠረው አጣ። ድስቱን እየከፈተ ቢያይ ሚስቱ በዓይኗ አባረረችው፤ ድመቷን ቢከታተል ድመቷ ቤት ቀየረች። በመጨረሻ ሚስቱ ለብዙ ዓመት ብቻዋን ይዛው የኖረችው ችግኝ ጣቢያ ትዝ አለው። አንድ ቀን ጠዋት ከረባቱን አስሮ መጣና ሊያግዛት እንደወሰነ አበሰራት።

ደስ አላት ለማለት ይከብዳል። ቢሆንም ጨክና አልመለሰችውም። መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች በዓይኑ ሲሸኝ እያየች ሆዷ ይባባ ነበር። ስለዚህ የውሃ ጎማውን ሰጠችው። አጠጣ። ግን ለማጠጣት ብቻ እንዳልተፈጠረ ወዲያው ገባው። የአትክልተኞች ማኅበር በየሳምንቱ በስልክ የሚልከውን «ዜናና መልካም ዕድል ለችግኝ አምራቾች» የሚባል ነገር ማንበብ ጀመረ። ሚስቱ ጣቢያውን እስከዚያ ድረስ ያቆየችው ይህንኑ መልእክት ሳትከፍት እያጠፋች ነበር።

ዜናው የማያውቀው ነገር የለም። አንድ ሳምንት፣ ሰው ሁሉ ፎቅ ላይ እየወጣ ስለሆነ ዕድሉ ያለው የቤት ውስጥ ተክል ላይ ነው ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሰው ፎቅ ሰልችቶታልና ዕድሉ ያለው ዛፍ ላይ ነው ይላል። ተቆጣጣሪው ሁለቱንም አመነ። ከሁሉ በላይ ልቡን የሰረቀው ግን የዛሬ ደንበኛ ተክል ሳይሆን ስሜት ነው የሚገዛው የሚለው ነበር። ሚስቱ ስሜቱን በየትኛው ከረጢት እንደሚያፈሉት ጠየቀችው። እሱም ከቁም ነገር ቆጥሮት ጥያቄውን ለማኅበሩ አማካሪ አቀርብልሻለሁ አላት። አቀረበም። አማካሪው መልስ ባይኖረውም መጥቶ ጣቢያውን ለመጎብኘትና «ሞዴል» ብሎ በዜናው ለማውጣት ፈቃደኛ ሆነ።

አማካሪው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው የሚስትየዋ ታናሽ እህት ወለደች። ሚስትየዋ አራሷ ዘንድ ልታድር ስትሄድ ባሏን ምንም ነገር እንዳይነካ ለመነችው። ተቆጣጣሪው ደግሞ የሰውን ልመና በጥሞና ሰምቶ የራሱን በመሥራት የታወቀ ነው። በስልኩ ፎቶ ሲሞክር አረንጓዴው የጥላ መረብ ሥር የቆመ ሰው ፊቱ እንደ በሽተኛ እንደሚወጣ ደረሰበት። ስለዚህ ፈርኖቹን፣ ጥላ ካላገኙ የማይሆንላቸውን ላባ መሳይ ተክሎች፣ አንድ ሳያስቀር ከመረቡ ሥር አወጣና ከበሩ ጀምሮ በቁመታቸው አሰለፋቸው። እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ያለው ሰልፍ በአውቶቡስ ዘመኑም አላየም።

በማግስቱ ሚስትየዋ ስትመለስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ፈርኖቹ ተጨማደው፣ ጫፍ ጫፋቸው ተቃጥሎ በሰልፋቸው ቆመዋል። አማካሪው ከተፍ ያለው እሷ ገና በሩ ላይ ሳለች ነው። ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ነጭ ጫማ የተጫማ ጎረምሳ ነው። ፎቶ አነሳ፣ ስለ ስሜት አወራ፣ ከዚያ አንዱን የተቃጠለ ፈርን በአድናቆት ደባበሰው።

«ይሄ ቡናማው ዝርያ ብርቅ ነው። ከየት ነው ያመጣችሁት?» አላት።

«ከፀሐይ» አለችው።

ጻፈው።

አማካሪው ከሄደ በኋላ ባልና ሚስት ከሰልፉ ጎን ቆሙ። ተቆጣጣሪው ከረባቱን እያላላ፣ «እኔ እኮ እንዲያምርልሽ ብዬ ነው» አለ።

«አምሯል» አለች። «ሞተ እንጂ አምሯል።»

እሱ ከዚህስ ስድብ በመረጠ ነበር። ማምሻውን ሁለቱም ጎንበስ ብለው የተቃጠለውን ቅጠል ከሥሩ እየቆረጡ ጣሉት። ሥሩ ካልሞተ ያቆጠቁጥ ይሆናል ብላ ፈርኖቹን ከነማሰሮአቸው ወደ ጥላው መለሰች። እሱም ሲሸከም አመሸና ወገቡን ያዘው።

ዜናው ወጣ። «ፀሐይ ከተባለ ቦታ የመጣው ቡናማ ፈርን የአምራቾች አዲስ ዕድል» ይላል። በሳምንቱ እንግዳ ይጎርፍ ጀመር። ገዢ ቢሆን ደግ ነበር፤ የመጣው ግን ሁሉም ችግኝ አምራች ነው። በመኪና ተጭነው መጥተው ቡናማውን አምጡ ይላሉ፣ የለም ሲባሉ ደበቁብን ብለው ይተማማሉ፣ ሲወጡ ደግሞ መደቡን ረግጠው ነው። አንዱማ የቆሻሻ ጉድጓዱ ውስጥ የደረቀ ቅጠል አግኝቶ በመሀረብ ጠቅልሎ ወሰደ።

ተቆጣጣሪው ግን እንደ አዲስ ተወለደ እንጂ ሌላ ምን ይባላል። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መሀል ክፍት ነው» እያለ ያስተናግዳል። ድምፁ ተመልሷል፣ ጀርባው ቀንቷል፣ ማታ ደክሞት እንደ ሕፃን ይተኛል። የሚስትየዋ ጭንቀት እዚህ ላይ ነበር። እንግዶቹን ብታባርር ባሏን መስኮት ሥር ልትመልሰው ነው፤ ባታባርር ደግሞ ጣቢያዋ ሜዳ ሊሆን ነው። ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተችና አንድ ቀን ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች መንገዱን ተሻገረች።

ማዶ ያለው ችግኝ ነጋዴ የሚሸጠው ቁልቋል ብቻ ስለሆነ፣ ጠባዩም ስለሚመስለው፣ «ቁልቋሉ» ይባላል። በውሃ ቧንቧ ተጣልተው ከተኳረፉ ቆይተዋል። እንግዳው ሁሉ እሷ ዘንድ መግባቱም እንቅልፍ ነስቶታል፤ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ መኪና ሲያይ ነው የሚውለው። ሰላምታ ሳታበዛ ነገሩን አስረዳችው። የእሱ ግቢ ሰፊ ነው፣ ቁልቋል ፀሐይ አይፈራም፣ እንግዳውን ይውሰደውና እንደፈለገ ያስጎብኝ።

ቁልቋሉ ጠረጠረ። «ነገሩ በነፃ አይመስለኝም።»

«ከነባሌ ነው የምትወስደው።»

ሰውዬው አገጩን እያከከ አሰበ። «እጁን ተክል ላይ ያሳርፋል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ቁልቋል ላይ አንዴ ብቻ ነው የሚያሳርፈው» አለች።

ከተኳረፉ ወዲህ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። በማግስቱ ቁልቋሉ ኮቱን ለብሶ መጣና ጉብኝቱን የሚያስተባብር ልምድ ያለው ሰው መላው ሙያው እንደሚያስፈልገው ለተቆጣጣሪው በአክብሮት ነገረው። ተቆጣጣሪው ሚስቴን ብቻዋን ጥዬ እንዴት ብሎ ተግደረደረ። ሚስትየዋም ለሙያው ስትል እንደምትችለው ቃል ገባችለት።

እሱ ሲሻገር እንግዳው ሁሉ ተከትሎት ተሻገረ። አሁን ማዶ «አረንጓዴ የልምድ ማዕከል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ አንድ ቁልቋል እንኳ አልተሸጠም፤ ዜናው ግን አሞግሶ አይጠግብም። ወዲህ ማዶ ፈርኖቹ ከሥራቸው አቆጥቁጠዋል፣ ሁሉም ባይሆኑም። ደንበኛ ሲመጣ ተክል ገዝቶ ይሄዳል፤ ስሜቱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል መሰለኝ።

ተቆጣጣሪው ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ይሻገራል። አንድ ቀን እየበሉ ሳሉ፣ «አንቺ ነሽ አይደል እዚያ ያስቀጠርሽኝ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«ብሆንስ?»

«ምንም። ደግ አደረግሽ ልልሽ ነው።» ትንሽ አኘከና፣ «እንግዶች መቀመጫ አጥተዋል፤ ወንበሮቹን ብወስዳቸው ምን ይመስልሻል?» አለ።

ወንበሮቹ ሄዱ። ምሳ የሚበላው በተገለበጠ የችግኝ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው። እሱ የማዶውን ወሬ ያወርደዋል፤ እሷ በአንድ እጇ እየጎረሰች በሌላው ከረጢት ትሞላለች። አንዳንድ ቀን ሲዘገይ በሩን አየት ታደርጋለች።