የብሎኔ አልጋ

መካኒኩ ሰውዬውን ገና ከሩቅ አወቀው። በአካል ያገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን የቀኑበትን ሰው መልክ ማን ይረሳል?

ሰውዬው አሮጌ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ እያንገጫገጨ መጥቶ ጋራዡ በር ላይ አቆመና ወረደ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፤ በዚያ ሁሉ የተቃጠለ ዘይት መሀል እግሩን እየመረጠ ሲራመድ ላየው ጋራዡ ውስጥ እንቁላል የተነጠፈ ነው የሚመስለው። ፋርማሲስት ነው። የመካኒኩን የቀድሞ ሚስት ያገባት እሱ ነው፤ የመካኒኩ ልጅም ከእናቷ ጋር የምትኖረው እሱ ቤት ነው። ታዲያ ስንት ጋራዥ ባለበት ከተማ እዚህ መምጣቱ ምን ይባላል? ድፍረት? ንቀት? መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሁለቱም ነው ብሎ ፈረደ።

"እንደምን ዋሉ?" አለ ፋርማሲስቱ።

"ደህና። ምን ልታዘዝ፣ ጌታው?"

እኩዮች ናቸው፤ አንተ ቢባባሉም ያምርባቸው ነበር። መካኒኩ ግን አንተ ካልኩት ወዳጅ ይመስለዋል ብሎ "እርስዎ" ላይ ሙጭጭ አለ።

"ይችን መኪና አስቸጋሪ መንገድ የምትችል፣ ማደሪያም ያላት አድርገው እንዲሠሩልኝ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ሦስታችን ተራራና ጫካ ልንዞር አስበናል።"

ሦስታችን! መካኒኩ የያዘውን ጨርቅ ጭምቅ አደረገው።

"ጋራዥ እኮ ሞልቷል" አለ።

"አውቃለሁ። ግን ልጅቷ እምቢ አለች። ‘አባዬ ያልሠራው መኪና ውስጥ አልተኛም’ ብላ ድርቅ።"

እንግዲህ ይሄን የሰማ አባት ምን ይሁን? ደረቱ ሊነፋ ሲል አንጀቱ ደግሞ አረረ። ልጁ እሱን አልረሳችም፤ እሰይ! ግን እሱ በሠራው መኪና ከማን ጋር ልትሄድ ነው? ከዚህ ጫማ ከተወለወለለት ሰውዬ ጋር! ኮከብ የሚያሳያት ማን ሊሆን ነው? ይኸው ሰውዬ!

"ቁልፉን ይተዉልኝ" አለ ጥርሱን ነክሶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅቱ እናት እንደገና ስታገባ፣ "ልጅህ ናት፤ በፈለግህ ሰዓት መጥተህ እያት" ብላው ነበር። እሱ ግን "የዚያን ሰውዬ ደጅ ከረገጥኩ እግሬ ይቆረጥ!" ብሎ ማለ። ስልክ ይደውልና ፋርማሲስቱ ካነሳው ድርግም አድርጎ ይዘጋዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ብቻዋን ከተማ አቋርጣ አትመጣ ነገር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። ኩራት ነው ይላል እሱ። አብሮት የሚሠራው በያጅ፣ ፍንጣሪ የሚሉት፣ "ድንቄም ኩራት! ግትርነት ነው እንጂ" ይለዋል።

መሐላውን ግን አላፈረሰም፤ ደጁን አልረገጠም። የደንበኛ መኪና ጠግኖ ሊሞክር ሲወጣ ግን፣ መሪው በራሱ ጊዜ ወደዚያ ሰፈር ይዞርበታል። በዚያ በር ፊት ለፊት ቀስ ብሎ ያልፋል። በሩን ቀለም ቀብተውታል? አዲስ መኪና ገዝቷል? ግቢው ውስጥ የተሰጣው ሸሚዝ የማነው? ይሄን ሁሉ አይቶ፣ ቆሽቱ አርሮ፣ ወደ ጋራዡ ይመለሳል። ደንበኛው "መኪናዬ እንዴት ሆነች?" ሲለው የሞተሩን ድምፅ እንኳ አላዳመጠም።

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ መኪናዋ ከፍ ማለት ነበረባት። መኪናዋን የሚሸከመውን የኋላ ባሌስትራ በወፍራም ቀየረ፤ የፊቱን አነሳ፤ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ጎማ አገባላት። እንግዲህ መኪና ሲነሳ የፍሬኑ ቱቦ ያጥራል። ገደል አፋፍ ላይ አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ያ ቱቦ ይወጠርና ይበጠሳል። መካኒኩ አሮጌውን ቱቦ በእጁ ይዞ ትንሽ ቆየ። ክፉ ሐሳብ ሽው አለበት፤ ለምን ይዋሻል፣ ሽው ብሎበታል። ወዲያው የኋላው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ማን እንደሆነች ታየችው። "ምን ነካኝ፣ በስመ አብ!" ብሎ ቱቦውን ወርውሮ ረጃጅሙን አስገባ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ብሎን ፈትቶ እንደገና አጠበቀ።

ከዚያ ማደሪያው መጣ። ጣሪያው ላይ ለባልና ሚስቱ የሚዘረጋ ድንኳን፣ ኋላ ጭነቱ ላይ ደግሞ መስኮት ያለው የላሜራ ቤት፤ እዚያ ውስጥ የልጅቱ አልጋ። ፋርማሲስቱ የድንኳኑን ልክ ለፍንጣሪ በስልክ ነገረው።

"አቤት ዕድል!" ብሎ ሳቀ ፍንጣሪ። "የቀድሞ ሚስትህንና የባሏን መኝታ በገዛ እጅህ ልትበይድ ነው!"

"አንተ ሥራው። እጄ አይነካውም።"

"መሀል ላይ አንድ ብረት ላቁምበት? ወገብ ወገባቸውን እንዲል?"

"ምን አገባኝ!" አለ መካኒኩ፤ ግን ሳያስበው ከንፈሩ ፈገግ ሊል ዳዳው።

የልጅቱን አልጋ ግን ለማንም አልሰጠም። የአልጋውን ብረት፣ ቱቦላሬውን፣ ራሱ መረጠ፤ ጠርዙን እጇን እንዳይቆርጣት ራሱ ሞረደ። ራስጌዋ ላይ ትንሽ መብራት፣ ከመብራቱ ሥር ክዳን ያላት ሚጢጢ ሳጥን። ሕፃን ሳለች ከጋራዡ ወለል ብሎን እየለቀመች ኪሷን ትሞላ ነበርና "ብሎኔ" ነበር የሚላት፤ ሳጥኗ ለዚያ ናት። የጭነቱን ቦታ ለሁለት ከፈለው፤ ከፊቱ አልጋው፣ ከግርጌው የውሃ ጀሪካንና የምድጃ ቁም ሳጥን።

"ለአልጋው ርዝመት ስንት ሰጠኸው?" አለ ፍንጣሪ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

መካኒኩ መዳፉን ቀበቶው ላይ አደረገ። "እስከዚህ ነበረች። ትንሽ አድጋ ይሆናል።" መዳፉን ከእምብርቱ ከፍ አደረገው። "እስከዚህ በላት። ከዚያ ላይ አንድ ስንዝር ለትራስ።"

"በእጅ ግምት? ምን ሆነሃል፣ ወንድሜ? ለሰውዬው ደውልና ቁመቷን ጠይቀው!"

መካኒኩ ቱግ አለ። "ማንን ነው የምጠይቀው? የገዛ ልጄን ቁመት ያንን ሰውዬ? እኔ የወለድኳትን አላውቃትም?"

"ኧረ ታውቃታለህ፣ ታውቃታለህ። እኔ ምን አልኩ!" ፍንጣሪ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ወደ ብየዳው ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ፋርማሲስቱና ልጅቷ መጡ። መካኒኩ ቱታውን አጥቦ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ያለሥራው በሩ ላይ ሲንጎራደድ ነበር። አንድ ነገር ሲያብሰለስለው አድሯል፤ ሰውዬውን ምን ብላ ነው የምትጠራው? "አባዬ" ብላ ብትጠራውስ? በጆሮዬ ከሰማሁ ሞትኩ፣ እያለ።

ከታክሲው መጀመሪያ የወረዱት ሁለት ረጃጅም እግሮች ነበሩ። መካኒኩ የማን ልጅ ናት ብሎ ለአፍታ ግራ ተጋባ። ከዚያ ልጅቷ ሮጣ ደረቱ ላይ ተለጠፈች። ደረቱ ላይ! ድሮ የምትጠመጠመው ወገቡ ላይ ነበር።

"ብሎኔ!" አለና ጭንቅላቷን ዳበሰ።

"አባዬ፣ የእኔ አልጋ የቱ ጋ ነው?" ፊቷን ወደ ኋላ መለሰችና "ጋሼ፣ እየው! ጎማው እኔን ያክላል!" አለች።

ጋሼ! እልል በል! ሰማይና ምድር የመካኒኩ ሆነ። ጋሼ ነው የምትለው! እንደ ጎረቤት፣ እንደ ባለሱቅ፣ እንደ ማንም! ደረቱን ነፍቶ ፋርማሲስቱን ዙሪያውን አስጎበኘው። ድንኳኑን ዘረጉት፤ ልኩ ነው፣ ቅንጣት ስህተት የለበትም።

"አሁን ደግሞ የእመቤቲቱን" ብሎ የላሜራውን በር ከፈተ።

ልጅቷ ዘልላ ገባች። መብራቱን አበራች፣ ሳጥኗን ከፈተች፣ ውስጡ ያስቀመጠላትን አዲስ ብሎን አግኝታ ሳቀች። ከዚያ ተኛች። ጭንቅላቷ ትራሱ ላይ ሲደርስ እግሯ ቁም ሳጥኑን መታው። ጉልበቷን አጠፈች። ጎኗን ዞረች። አሁንም አጠፈች።

"እግርሽን ዘርጊው እስቲ፣ እናቴ" አለ መካኒኩ።

"እኔ እንዲህ ታጥፌ ነው የምተኛው፣ አባዬ። በጣም ነው የሚመቸው።"

ፋርማሲስቱ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ልጅቷን አየት አደረጋትና መልሶ ዘጋው።

አያችሁ፣ መካኒኩን የገደለው አልጋው ማጠሩ አይደለም። ያቺ የተዘጋች አፍ ናት። ሰውዬው ልጅቷ እንዴት እንደምትተኛ ያውቃል። እጅና እግሯን በታትና እንደምትተኛ፣ ብርድ ልብሷን ረግጣ እንደምትጥል፣ ሌሊት ገብቶ የሚያለብሳት እሱ ስለሆነ ያውቃል። አውቆም ለመካኒኩ ብሎ ዝም አለ። ስድብ ይሻል ነበር። ቅናት ስንት ዓይነት አለው መሰላችሁ! እስከዛሬ የቀናው በሸሚዙ፣ በቤቱ፣ በበሩ ቀለም ነበር፤ አሁን ግን ልጁን በማወቁ ቀናበት፤ ይሄኛው አጥንቱ ድረስ ዘለቀ።

ልጅቷ ፍንጣሪ የብየዳ መነጽሩን ሊያሳያት ሲጠራት ሮጠች። ሁለቱ ወንዶች የተከፈተው በር ሥር ቀሩ። መካኒኩ መሬት መሬቱን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

"ቁመቷ" አለ በመጨረሻ። "ቁመቷ ስንት ነው?"

እቺን ጥያቄ ከማውጣት ሞተር በጀርባው ቢሸከም ይቀለው ነበር።

"እኔ ብነግርዎት ምን ያደርጋል?" አለ ፋርማሲስቱ ቀስ ብሎ። "ራስዎ ይለኳት።" ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ነይማ፣ አባትሽ ይፈልግሻል!"

መጣች። መካኒኩ ሜትሩን ከቀበቶው አወጣ። ጀርባዋን የፒካፑ በር ላይ አስደግፋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች።

"ተረከዝሽን አውርጂ፣ አጭበርባሪ።"

"አልተነሳም!"

"ብሎኔ!"

እየሳቀች አወረደችው። በጠመኔ በአናቷ ልክ በሩ ላይ አሰመረ። ሜትሩን አልጋው ላይ ዘርግቶ ሲያስተያየው፣ አንድ ስንዝር ሙሉ ጎደለ። ይሄ ሁሉ ያደገችው እሱ በሩን እያየ ሲያልፍ ነው። ዓይኑን የሞላው ነገር እንዳይታይበት ጭንቅላቱን የላሜራው ቤት ውስጥ ከትቶ ቁም ሳጥኑን መነቅነቅ ያዘ።

"ይሄ ተነቅሎ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት" አለ ከውስጥ። "ሥራ አለው። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይፈጃል። ያኔ ደግሞ ልጅቷ መጥታ መሞከር አለባት።"

"ኧረ ይሄ እኮ የአንድ ከሰዓት..." ብሎ ጀመረ ፍንጣሪ። መካኒኩ አንገቱን አውጥቶ ሲያፈጥበት ቀሪውን ዋጠው።

ፋርማሲስቱ ሰምቷል፤ ሞኝ አይደለም። "እኔ እንኳ ቅዳሜ መድኃኒት ቤት ተረኛ ነኝ" አለ። "እናቷም ትሠራለች። እርስዎ መጥተው ከቤት ቢወስዷትስ?"

መሐላው ትዝ አለው። ያ ደጅ! እግሬ ይቆረጥ ያለበት ደጅ! ማምለጫ ሲፈልግ በቅርብ ያገኘው ውሸት ይሄ ነው፤ "ቤቱን እንኳ አላውቀውም።"

"ታውቀዋለህ!" አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን በልጥጣ። "ባለፈው በነጯ መኪና አልፈሃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ጭስ በጭስ በሆነው ሚኒባስ። ቀይዋንም አይቻለሁ፣ ጥሩንባዋ የማይሠራውን። ሁልጊዜ መስኮት ላይ ሆኜ እጄን አውለበልባለሁ፤ አንተ ግን አታየኝም።"

ፍንጣሪ መነጽሩን አወለቀ። ፋርማሲስቱ ያንን የተወለወለ ጫማውን አቀርቅሮ አየ፤ ይሄንንም ያውቅ ነበር ማለት ነው። መካኒኩ በእጁ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። መስኮት? እዚያ ቤት መስኮት እንዳለው እንኳ ልብ ብሎ አያውቅም። እሱ የሚያየው ሁልጊዜ በሩን ነበር።

ልጅቷ እጅጌውን ጎተት አደረገችው።

"ቅዳሜ ግን አቁም፣ እሺ አባዬ?"