አራት ጠቋሚ ለአሥራ ሁለት ክፍል

ተቆጣጣሪው ፍተሻውን ሁልጊዜ ከምድር ቤት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ከላይ ወደ ታች ፈትሾ አያውቅም። ይሉኝታም ስለሚያጠቃው በዋዜማው ስልክ ይደውላል፤ ድንገት ደርሶ ሰው ማስደንገጥ ነውር ይመስለዋል። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ሁሉ ይህን ፀባዩን ያውቁለታል። ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ግን አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት።

እህቱ በሦስት ደርብ አሥራ ሁለት ክፍል ታከራያለች። በየመታጠቢያ ቤቱ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ። የማሞቂያው ጭስ መውጫ ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ክፍሉን ይሞላል። አይታይም፣ አይሸትም፤ የሚታጠበው ሰው እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው በዚያው ይቀራል። ስለዚህ መመሪያው ጋዙ ሲወጣ የሚጮህ ጠቋሚ በየክፍሉ ይሰቀል ይላል። እህቱ በወረቀት አሥራ ሁለት ጠቋሚ አላት። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት አራት ብቻ ናቸው።

ባለፈው ዓመት ምድር ቤት ያየው ጥጉ የተሸረፈ ጠቋሚ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀድሞት ወጥቶ ጠበቀው። አይቶ እንዳላየ ሆነ። «ተሟልቷል» ብሎ ፈረመ። እንቅልፍ አጣ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አድርጎ ነው የተኛው።

ዘንድሮም ደውሎ መጣ።

«ከሳህ እኮ! ሚስትህ ምግብ ትደብቅብሃለች እንዴ?» አለች እህቱ፣ ጉንጩን እየሳመች።

ምድር ቤቱን ጨርሰው አንደኛ ፎቅ ወጡ። አምስት ቁጥር ያረፉት ጡረተኛ መምህር ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል። ተቆጣጣሪው የጠቋሚውን ቁልፍ ጫን አለ፤ ጮኸ።

«እንግዲህ ከጨረሳችሁ ልታጠብ» አሉ መምህሩ።

የቀሩትን ሦስት ክፍሎች አይቶ ሲጨርስ፣ እህቱ ደረጃው ላይ ያዘችው። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ጎረቤት አጥር፤ ወሬው ማለቂያ የለውም። ለምን እንደምታቆየው ያውቃል። እንዳላወቀ ሆኖ ያዳምጣል።

ግማሽ ሰዓት ሆነ። ከዚያ ከኮሪደሩ የጠቋሚ ጩኸት ተሰማ። አላቆመም።

«ባትሪው ነው» አለች እህቱ ቶሎ ብላ።

ባትሪው እንዲሆን ከልቡ ተመኘ። ግን የባትሪ ጩኸት አሳምሮ ያውቃል፤ ይሄ እሱ አይደለም። ሮጠ።

የጽዳት ሠራተኛዋ የአንሶላ ቅርጫት ታቅፋ አምስት ቁጥር በር ላይ ደርቃ ቀርታለች። የሚጮኸው ቅርጫቱ ነው።

«እትዬ ናቸው ጠቋሚዎቹን በጓሮ ደረጃ ወደ ላይ ውሰጂ ያሉኝ» አለች። «የመምህሩን ገና መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ነው ያወረድኩት፤ የሌሎቹን እስካወርድ ቆየሁ።»

«መምህር! መምህር!» እያለ አንኳኳ። በሩን በረገደው፤ አፉን በእጅጌው ሸፍኖ መስኮቱን ከፈተ። መምህሩ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርግተዋል። ሁለቱ ሆነው እየጎተቱ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከተከፈተው መስኮት ሥር አስተኟቸው። ትንፋሽ አላቸው። አምቡላንስ እስኪመጣ አስታወካቸውና ዓይናቸውን ገለጡ።

«ውሃውን ዝጉት» አሉ፤ «ይባክናል።»

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ተቆጣጣሪው ቅጹን አውጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እህቱ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ልታሽግብኝ ነው? እኔ አይደለሁ እንዴ ያሳደግኩህ?»

«አንቺ ነሽ፣ እታለም።»

ጻፈ። እንግዶች እንዲወጡ፣ ማረፊያው እንዲታሸግ። አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ የራሱን ስም ጻፈና ቀጠለበት፦ ጉድለቱን አምና አይቶ፣ ተሟልቷል ብሎ ፈርሟል።

እህቱ በትከሻው በኩል አሻግራ አነበበችው።

«ይሄን ደሞ ማን ጠየቀህ? ከሥራ ያባርሩሃል እኮ!» አለቀሰች፤ ለማን እንደምታለቅስ እሷም አልለየላትም።

ማሸጊያ ወረቀቱን ይዞ ተነሣ። እንግዶቹን አንድ በአንድ እያስወጣ፣ ከአሥራ ሁለት ቁጥር ጀምሮ ወደ ታች እያሸገ ወረደ።