ለእንግዳ የሞቀ ውሃ

ሰልዋ የልደቷን ታሪክ ስታወራ ከበጉ ነው የምትጀምረው። ከአራት ሴቶች በኋላ መቼም ወንድ አይቀርም ብለው አባቷ ሐጂ ረሻድ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ለሚታረደው አቂቃ ሁለት በግ ገዝተው ነበር። አምስተኛዋም ሴት ሆና ቁጭ አለች። ለሴት አንድ በግ ይበቃልና ሁለተኛው ወደ ገበያ ተመለሰ። «በሳምንቴ የበግ ነፍስ አድኛለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ነው የሚባል ሥራ አልሠራሁም» ትላለች፣ አዲስ አበባ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር ባለው የመጋረጃ ሱቋ ደንበኞቿን እያሳቀች።

አባቷ መትተዋት አያውቁም፤ በስሟ ጠርተዋትም አያውቁም። «ያቺ» ነበረች። እንግዳ ሲመጣ እህቶቿ ይቀመጣሉ፣ ያቺ እጅ ታስታጥባለች። ይኸው አድጋም ታክሲ ውስጥ ማንም ሳይጠይቃት ትጠጋለች፤ ወንበር ላይም ጠርዙ ይበቃታል።

ሊያገባት የፈለገው አብራር ሽማግሌ የላከ ዕለት አንድ ነገር ብቻ ተመኘች፤ አባቷ ሰው ፊት «ልጄ» ሲሏት መስማት። መቼም ያለዚያ ማንን ሊድሩ ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

በወጉ ጓዳ ተደብቃ መቆየት ነበረባት። ምግብ ሲቀርብ ግን እግሯ ቀደማት። ማንቆርቆሪያና ሳፋዋን ይዛ ሽማግሌዎቹ ፊት ተገተረች።

የአብራር አጎት እጃቸውን ዘረጉ። «ጎበዝ ልጅ ናት። እናንተ ቤት ከተቀጠረች ስንት ዓመቷ ነው?» ሲሉ ሐጂ ረሻድን ጠየቁ።

ሰልዋ አባቷን አየች። አባቷ ምንጣፉን አዩ። ክፉኛ አመማት፤ እንደ ልማዷ ግን ልታግዛቸው ፈለገች።

«ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው ጋሼ። ገና ስወለድ ነው የጀመርኩት።»

ማንም አልሳቀም። ቀልዷ እንዲህ ከሽፎባት አያውቅም።

ሐጂ ረሻድ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወሰዱ።

«ልጄ ናት» አሉ። ወደ እሷ ዞሩ። «ተቀመጪ ሰልዋ።»

ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ደህና አድርገሽ ተቀመጪ እንጂ።»

ጠጋ ብላ ተደላደለች። ጎንበስ ብለው እጇ ላይ አፈሰሱላት። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ያሞቀችው ራሷ ናት፤ እንዲህ ደስ እንደሚል ግን አታውቅም ነበር።